ለባዬ ቀብር ንግግር ስማር

ሰው ፊት ቆሞ መናገር ለምን እንደሚያስፈራ እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ውሻ ይነክሳል፤ መኪና ይገጫል። ማይክሮፎን ምን ያደርጋል? ምንም። ግን ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ውሻውን ነው የምመርጠው።

ይህን የምለው አንድ ጊዜ ስለተያዝኩ ነው። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ውስጥ በምሠራበት የካርቶን ፋብሪካ ሃያ ዓመት ሞላህ ተብዬ መድረክ ላይ አወጡኝ። አለቃው የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ፤ ከዚያ ሳላስበው ማይክሮፎኑን እጄ ላይ አስቀመጠው። ያ ሁሉ ሠራተኛ ዓይኑን ተክሎብኛል። «ቶዳ» አልኩ። አመሰግናለሁ ማለቴ ነው። እነሱ ግን የሚቀጥል መስሏቸው ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ። ማንን እንደምጠብቅ እንጃ። በመጨረሻ «ያላ፣ ወደ ሥራ»፣ በሉ እንሂድ ብዬ ወረድኩ። አለቃው እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ፎርክሊፍቴን፣ የዕቃ ማንሻ መኪናዬን፣ እየነዳሁ ባለፍኩ ቁጥር አንዱ ተነስቶ «ያላ፣ ወደ ሥራ» ይለኛል።

እንግዲህ ባዬ የቀብሬ ቀን ተናገርልኝ ያለው ይህን ሰው ነው።

ባዬ ጎረቤቴ ነበር፤ በር ለበር። ከጎንደር የመጣነው በአንድ አውሮፕላን፣ ዕብራይስጥ የጀመርነው በአንድ ክፍል፣ ፋብሪካ የገባነው በአንድ ሳምንት ነው። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። እሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሳንባውን ታመመ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤቱ መለሱት፤ ሴት ልጁ ታስታምመዋለች፣ እኔ ከሥራ ስመለስ እሱ ዘንድ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ልጅቱን ውኃ አምጭልኝ ብሎ አስወጣትና፣

«የቀብሬ ቀን አንተ ነህ የምትናገረው» አለኝ።

የማይክሮፎኑን ነገር አነሣሁበት። ለዚህ እኮ ነው፣ አለኝ፤ አንተ ቃል ስለሚያጥርህ መዋሸት አትችልም። ደግሞ በዕብራይስጥ እንድናገር ፈለገ። ኧረ ባዬ፣ ለቅሶ የሚመጣው ሁሉ የእኛው ሰው አይደለም ወይ? ብዬ ስጠይቀው፣ «ለሻይ ነው» አለኝ።

ሻይ የባዬ ወንድ ልጅ ነው። ስሙ በዕብራይስጥ ስጦታ ማለት ነው፤ ሲወለድ የኛ ሽማግሌዎች ስሙ ማን ተባለ ብለው ጠይቀው ሻይ ቢባሉ፣ አይ አሁን ጠጥተን ነው የመጣን አሉ። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ስላደገ አማርኛው ከ«ና» እና ከ«ሂድ»፣ ከ«ብላ» እና ከ«ተኛ» ብዙም አያልፍም። ጠለቅ ያለ ነገር ከመጣ ይጠፋዋል።

ይህ ልጅ ወታደር ሳለ ባዬ ወገቡ ተሰብሮ ከሥራ ቀረ። ቤቱ ባዶ ሆነ። ልጁ ፈቃድ ሳይጠይቅ ከጦር ሠፈር ወጣና ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ሠራ፤ ያገኘውን ለእናቱ ያመጣላት ነበር። በኋላ ይዘው የወታደር እስር ቤት አስገቡት። ባዬ ምን አደረገ? አልጠየቀውም። አንድ ቀን እንኳ አልሄደም። ሰው ልጅህ የት ሄደ ሲለው፣ ኮርስ ገብቷል ይላል። ያን ጊዜ ለሁላችንም ያለው ይህንኑ ነው፤ እኔም አምኜው ነበር።

ልጁ ተፈትቶ በመጣ በሳምንቱ የዘመድ ሠርግ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሻይን ጉንጩን ስመው፣ «ኮርሱ እንዴት ነበር?» አሉት። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ገባው። አባቱን ከጠረጴዛው ማዶ አየው። ባዬ አቀርቅሮ ሥጋ ይቆርጣል። ሻይ ያን ቀን ወጥቶ ሄደ፤ ያቭነ የምትባል ከተማ ቤት ተከራይቶ የአየር ማቀዝቀዣ የሚገጥም ሆነ። ለእናቱ ቀብር መጥቶ ከአባቱ ራቅ ብሎ ቆመ እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ የባዬን ደጅ አልረገጠም።

«በእሱ አላፈርኩም በለው» አለኝ ባዬ። «ያፈርኩት በራሴ ነው። ልጄ ለእኔ እንጀራ ብሎ ታሰረ፣ እኔ ቤቴ ገብቼ ተደበቅኩ በለው።»

«ለምን ራስህ አትነግረውም?»

«ፊቱን እያየሁ?» አለኝ። ከዚያ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲተወው እስኪሞት ድረስ ለማንም እንዳልተነፍስ በኦሪት አስማለኝ።

ለትርንጎ ግን ነገርኳት። ሚስት ማንም ናት እንዴ? ትርንጎ ሰምታ ስታበቃ፣ ነገ ከሥራ ስትወጣ ያቭነ ሂድና ለልጁ ንገረው አለችኝ። ምያለሁ አልኳት። ለኔ ስትነግረኝ መሐላው የት ነበር? አለችኝ። ይቺ ሴት እንዲህ ነች።

ልጃችን በበኩሏ የምታውቀው ንግግሩን ብቻ ነው። አባዬ፣ አሰልጣኝ ያስፈልግሃል አለችኝ። አሰልጣኝ ሲባል እኔ የማውቀው የኳስ ነው። ለካ ለምላስም አለ። ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ገዴራ ውስጥ ኦርሊ የምትባል ሴት አገኘች፤ ለጠበቃ፣ ለሥራ አስኪያጅ ሁሉ ሰው ፊት መናገር የምታስተምር። የመጀመሪያው ቀን መተያያ ነው፤ ከወደድክ ትቀጥላለህ፣ ካልወደድክ ትተዋለህ። ትርንጎ ከወጥ ቤት ሆና፣ «ለዚህ አስተማሪ አያሻም፤ አውቶቡስ ነው የሚያሻ» አለች። ልጄ አውቶቡስማ ወደ ገዴራ አለ አለቻት። አልተግባቡም።

ሦስት ቀን አሰብኩ። ልቅጠር ወይስ አልቅጠር? ፎርክሊፍት ላይ ሆኜ አስባለሁ፣ እራት ላይ አስባለሁ። ባልቀጥር የቀብሩ ቀን «ቶዳ» ብዬ ልወርድ ነው። ብቀጥር ደግሞ፣ ጎረቤቱ በሕይወት እያለ የለቅሶውን ንግግር የሚያጠና ምን ዓይነት ሰው ነው? አራተኛው ቀን ገዴራ ሄድኩ።

ኦርሊ ሸምገል ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ማን ነው የሞተብህ? አለችኝ። ወዳጄ ባዬ። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ መቼ ነው የሞተው?

«ገና ነው» አልኳት።

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፤ እሷ ማንም አይደለችም ብዬ መሐላዬን ለሁለተኛ ጊዜ በላሁት ማለት ነው። በል ተነሥና ጀምር አለችኝ። በዕብራይስጥ ወዳጅ ሃቬር ነው፤ መቃብር ደግሞ ኬቨር። አሳምሬ እናገራለሁ ስል፣ ዛሬ የቆምነው መቃብሬን ባዬን ልንሸኝ ነው ብዬ አረፍኩት። ኦርሊ ልትስቅ ፈልጋ ሳትስቅ ቀረች።

ከዚያ አንድ ነገር አስተማረችኝ። ለሕዝብ አትናገር፤ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው መርጠህ ለእሱ ብቻ ንገር። ማንን ትመርጣለህ?

«ሻይን።»

«የዚያን ቀን ይመጣል?»

«አባቱ ነው። እንዴት አይመጣም?»

«እስከዛሬ መጥቷል?»

ጃኬቴን አነሣሁ። ያቭነ እኮ ቅርብ ናት አለችኝ፤ ከዚያ ወደ በሩ ሸኘችኝና አስበህ ደውልልኝ አለች።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቆምኩ። የያቭነው ቀድሞ መጣ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ አየኝ። እኔም አየሁት። ዘጋና ሄደ። የቂርያት ማላኪው ሲመጣ ገባሁ፤ ቤቴ ስደርስ ለኦርሊ ደውዬ እማራለሁ አልኳት። መሐላ አለብኝ፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መሐላ ለፈሪ ሰው እንዴት ያለ ምቹ ነገር መሰላችሁ።

ተማርኩ፤ በየሳምንቱ ገዴራ። ርካሽ አልነበረም፣ ግን ሥራዋን ታውቃለች። እግርህን ከፈት አድርገህ ቁም። መጀመሪያ ተንፍስ። ከባድ ቃል ስትደርስ ቆም በል፣ ሰው ይሰማህ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ባዬን እቀብረዋለሁ፤ ትርንጎ በበሩ ታልፋለች፣ ምንም አትለኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሻይ ስልክ ቁጥሩን አልቀየረም አለችኝና አለፈች።

ባዬም እየደከመ ሄደ። ንግግሩን አሰማኝ አለኝ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ጀመርኩለት። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር ስል እጁን አነሣ። «እሱን አውጣው። ጎበዝ ሠራተኛ ያልነበረ ሬሳ አይቼ አላውቅም።» ሁሉን የሚወድ ነበር የሚለውንም አስወጣኝ፤ የሚጠላቸውን ቆጠረልኝ። እንዲህ እየተሳሳቅን ሻይ ያለበት ቦታ ደረስን። ቆም አልኩ፤ ተነፈስኩ፤ ተናገርኩ። ባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እሱን አትንካው» አለኝ። «እንዳለ ይሁን።»

ያን ጊዜ እንኳ፣ ባዬ፣ ልጥራው ወይ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዕብራይስጤ አማረ ወይ? ብዬ ነው የጠየቅሁት።

ባዬ የሞተው ዓርብ ጧት ነው። ዓርብ መሞት ችግር ነው፤ ሰንበት ከመግባቱ በፊት መቀበር አለበት። ሴት ልጁ ለሻይ ደወለች፣ አያነሣም። ደጋግማ ደወለች። እሱ ለካ ደቡብ ወርዶ ጣራ ላይ ወጥቶ ይሠራል፤ ስልኩ መኪናው ውስጥ ነው። ቀባሪዎቹ ሰዓት ያያሉ። ከዚህ በላይ አንችልም አሉን።

ያን ጊዜ ኮሮና ገና አልመጣም፤ ቀብር ይሞላ ነበር። እግሬን ከፈት አድርጌ ቆምኩ። ተነፈስኩ። ተናገርኩ። ማመን ያቅታችኋል፣ አንድ ቃል አልሳትኩም። የፋብሪካው አለቃ ሳይቀር መጥቶ ነበር፤ እሱም አነባ፣ ይኸኛው የሳቅ አልነበረም። ከባዱ ቦታ ላይ ቆም አልኩና ከሕዝቡ መሐል አንዱን ሰው ፈለግሁት። አልነበረም። በሌለ ሰው ላይ ዓይኔን ተክዬ ጨረስኩ።

ሻይ የደረሰው ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ወደ መኪናው ሲበተን ነው። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጉልበቱ ድረስ ነጭ አቧራ። ይደርስ ይሆናል ብዬ ወደኋላ ቀርቼ ነበር።

«ተቀበረ?» አለኝ በዕብራይስጥ።

አዎ አልኩት። ከዚያ አባትህ ያለህ ነገር አለ ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቃል በዚያ በተማርኩት ድምፅ ወጣ፤ ቆም ማለቱም መጣ። ራሴን ሰማሁት፤ አስጠላኝ። ተውኩትና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«መቼ ነው ይህን የነገረህ?» አለኝ።

«ሁለት ወር ይሆነዋል።»

«እና ሁለት ወር ሙሉ ምን ታደርግ ነበር?»

እውነቱን ተናገርኩ። «መናገር ስማር ነበር» አልኩት።

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መታመሙን እህቴ ነግራኛለች፣ አለኝ፤ ይጥራኝ ብዬ ነው የጠበቅሁት። ከዚያ ወደ አዲሱ አፈር ሄደና ተቀመጠ።

በሺቫው፣ በሰባቱ ቀን ለቅሶ፣ ከሕንፃችን ሥር ድንኳን ተተክሎ ተቀመጥን። ሻይ ለመጣው ሰው ሁሉ ይነሣል፤ ወደ እኔ አያይም። ተገቢ ነው አልኩ። በስድስተኛው ቀን ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አያ ፈረደ» አለኝ፤ በልጅነቱ የሚጠራኝ እንዲህ ነበር። «በአማርኛ ንገረኝ። እሱ ያለውን፣ እንዳለው።»

ባዬ እንዳለው ነገርኩት። በእሱ አላፈርኩም በለው፣ ያፈርኩት በራሴ ነው። ልጁ ግንባሩን ቋጠረ።

«አፈር?» አለኝ፣ በጣቱ መሬቱን እያሳየኝ።

አይደለም፣ ሌላ ቃል ነው አልኩት፤ ትርጉሙን በዕብራይስጥ ነገርኩት። አቀርቅሮ ደገመው። አፈርኩ። አፈርኩ። አነጋገሩ ጠማማ ነው፣ ግን ቃሉ ይሰማል።

«እኔም» አለና ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ገብተው ነበር፤ ወንበር ሊሰጣቸው ነው።

አሁን ቂርያት ማላኪ ውስጥ ተናጋሪ ነኝ። ያን ቀን የሰሙኝ ሁሉ ስሜን አነሡት። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ አንዱ ክንዴን ይይዝና ወደ ጥግ ይወስደኛል። እኔም ስሄድ አንተ ነህ የምትናገርልኝ፣ ይለኛል፤ በዕብራይስጥ፣ ለልጆቼ። ቤሰደር፣ እሺ እላለሁ። መጀመሪያ ግን የልጅህን ስልክ ቁጥር ስጠኝ። የቀለድኩ እየመሰለው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ኪሱን ይዳብሳል፤ ስልኬን ቤት ረስቼው መጣሁ ይላል።

እስካሁን ቁጥር የሰጠኝ የለም።