ጋሼ ነበርኩ እና የዘፋኟ በር

ቧንቧው የማይጮህ አሮጌ ሆቴል ይኖር ይሆናል፤ «እዚያው ነበርኩ» ባይ የሌለው ግን የለም። በዚህኛው ሆቴል ይህን ማዕረግ የያዙት በር ከፋቹ ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ነበርኩ» ይላቸዋል። ክቡርነታቸው ከእንግዳ ሻንጣ ይቀበላሉ፤ በምትኩ ታሪክ ያስረክባሉ።

ጄኔራሉ ሽጉጣቸውን ትራስ ሥር ረስተው የሄዱ ዕለት? «እዚያው ነበርኩ።» ባለቅኔው ከገንዳ አልወጣም ያለ ጊዜ? «ፎጣውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።» ሆቴሉ ሲመረቅ እንኳ ነበሩ፤ አባታቸው ገና ሚስት ሳያገቡ።

እንግዳ መቀበያው ጋ የምትሠራው ልጅ ይህን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ትሰማለች። አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ቢያዙልኝ ብላ ተመኝታለች። በተለይ በዘፋኟ ታሪክ። ያቺ ስመ ጥር ዘፋኝ አንድ ምሽት ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ እየጠበቀ «አልዘፍንም» ብላ ክፍሏን ቆለፈች አሉ። ጋሼ ነበርኩ በበሩ በኩል አናግረው አወጧት። ምን ብለዋት? «እሱ የሁለታችን ነው።»

እንግዲህ ዘፋኟ ልትመጣ ሆነ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሽማግሌውን በሰው ፊት ጠራቸው።

«ነገ ራሷን እጠይቃታለሁ። አላውቃቸውም ካለች ከበሩ ይነሳሉ። ልብስ ማጠቢያ ሰው ጎድሏል።»

«ጥሩ» አሉ ጋሼ። ወደ በራቸውም ተመለሱ። ልጅቷ የተመኘችው ቀን መጣ፤ ደስታው ግን አልመጣላትም።

በማግስቱ ወጥ ቤቱ ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ወደ ሳሎኑ ወጣ። መኪናው ቆመ። ጋሼ በሩን ከፈቱ፤ ዘፋኟ ምርኩዟን ይዛ ዞር ብላ እንኳ ሳታያቸው አለፈች።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «እመቤቴ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?»

ዘፋኟ መነጽሯን አስተካክላ ተመለከተቻቸው። «እኚህን? እኔ እንጃ...»

«መልካቸውን እንዴት ያውቃሉ?» አለች ልጅቷ፣ አፏ ቀድሟት። «በሩ ተቆልፎ አልነበር? ያን ማታ አልዘፍንም ብለው። የሰሙት ድምፃቸውን ብቻ ነው።»

ዘፋኟ ልጅቷን አየች፤ የሥራ አስኪያጁን ፈገግታ አየች፤ ሻንጣዋን እንደያዙ የቆሙትን ሽማግሌ አየች።

«እስቲ ይናገሩ» አለቻቸው።

«እዚያው... ነበርኩ» አሉ ጋሼ፣ እንደ ምንም።

«እሱ ነው። ያ ድምፅ ነው» አለችና ወደ አሳንሰሩ አመራች። ልጅቷ ቁልፉን ይዛ ተከተለቻት። በሩ ሲዘጋ ዘፋኟ ጠጋ አለች።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልዘፍንም ብዬ አላውቅም። አቁሚ ስባል ነው የምቸገረው።»

ጠዋት ጋሼ ነበርኩ በራቸው ላይ ቆመው አዲስ እንግዶችን ይዘዋል። ታሪኩ አንድ ሰው ጨምሯል።

«ካላመናችሁ ያቺን ልጅ ጠይቁ። ያን ማታ አብራኝ እዚያው ነበረች።»

«ያን ማታ» በሚሉት ዘመን የልጅቷ እናት ራሷ ገና ልጅ ነበረች። እንግዶቹ ወደ እሷ ዞሩ። ጋሼም ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ያያል።

ልጅቷ ቁልፎቹን አስተካከለች።

«ነበርኩ» አለች።