የመኪናዋ ወፍና የእናቴ ግንባር

መኪና ሠሪዎች ሥራ ሲፈቱ ምን የሚያደርጉ ይመስላችኋል? ምልክታቸውን ይቀይራሉ። ሞተሩ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው፣ አፍንጫዋ ላይ የተለጠፈችው ነገር ብቻ ትለወጣለች። ዋጋውም አብሮ ከፍ ይላል። ይሄን የምላችሁ ለሐሜት አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። የምሠራው እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ሙሳኽ ውስጥ ነው፤ እናንተ ጋራዥ የምትሉት። የተጋጨ አካል አቃናለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ አሮጌ ምልክት አነሳለሁ፣ አዲስ እለጥፋለሁ።

የአለቃዬ የኒሲም ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የአንድ ፋብሪካ ምልክት ከልደቱ እስከ ዛሬ ተደርድሮበታል። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ወፍ ያለበት ነው ልበላችሁና ይብቃ። መጀመሪያ ላይ ወፏ የምር ወፍ ነበረች። ላባዋ አንድ በአንድ ተስሏል፣ በጥፍሯ ቅርንጫፍ ጨብጣለች። ቀጥሎ ቅርንጫፉን ወሰዱባት። ከዚያ ወዲህ ምን ላይ እንደቆመች እንጃ። ከዚያ ላባዋን ላጩት። ከዚያ የብልጭልጭ ዘመን መጣና ኒኬል ለብሳ፣ ተነፍታ፣ ለበዓል የተቀለበች ዶሮ መሰለች። አሁን ደግሞ ሁለት መስመር ናት። ወፍ መሆኗን የሚያውቅ ድሮ የሚያውቃት ሰው ብቻ ነው። ለምን እንዲህ አደረጓት ብዬ ኒሲምን ብጠይቀው፣ ስልክ ላይ ስትታይ እንድታምር ነው አለኝ። ከሥዕሉ ሥር በዕብራይስጥ «ሁሌም እኛው ነን» ተብሎ ተጽፏል።

ታዲያ ፋብሪካው በቀየረ ቁጥር ባለመኪናው ያብዳል። አሮጌ መኪናውን እየነዳ ይመጣና አዲሱን ምልክት ለጥፍልኝ ይላል። ጎረቤቴ አቶ ማሩ አንዱ ናቸው። ልጃቸው አግብቶ ካርሜ ጋት የሚባለው አዲስ ሰፈር ፎቆች ውስጥ ገባ። እዚያ የቆመው መኪና ሁሉ ትናንት ከመርከብ የወረደ ነው የሚመስለው። አቶ ማሩ የእሳቸውን አሮጊት መኪና እዚያ መሀል ማቆም ከበዳቸው። እኔም አስጠነቀቅኳቸው። አቶ ማሩ፣ አልኳቸው፣ የዚህ አገር ፀሐይ ቀለም ይበላል፤ ምልክቱ የተለጠፈበትን ቦታ ግን አያገኘውም። አሮጌው ሲነሳ ቦታው ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ አዲሱ ደግሞ አነስተኛ ስለሆነ አይሸፍነውም። ሰም እሽበትና ዝም በል አሉኝ። አሸሁበት፣ ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት እንደወጣ፣ የልጃቸው አማት መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ የእርስዎ መኪና ደግሞ ሁለት ወፍ ነው ያላት አሏቸው። ሰውየው ክፋት የላቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። አቶ ማሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ልጃቸው ጋ በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት።

እኔም እንደ እናንተ ስቄ ነበር። የእናቴ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

እናቴ ግንባሯ ላይ መስቀል አለ። ንቅሳት ነው። እዚያ ጎንደር ገጠር ሳለች፣ ገና ጥርሷን ሳትነቅል፣ በመርፌና በጥላሸት ነው የነቀሷት። ለውበት ነው የሚል አለ፣ ለቡዳ ነው የሚል አለ፣ ለሃይማኖት ነው የሚልም አለ። እሷን የጠየቃት የለም። አያቶቻችን ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ መሀል ላይ ክርስትና ገባን፣ ኋላ ደግሞ ተመለስን። ብዙ ዓመት ጎንደር ከተማ ወረፋ ጠብቀን፣ እዚህ መጥተን፣ የአይሁድን ሃይማኖት ተምረን፣ ለመንጻት ውኃ ገብተን ወጣን። እናቴ ዛሬ ሰንበትን ከእኔ አሥር እጥፍ ትጠብቃለች። ግንባሯ ግን አብሮ አልተመለሰም። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ሻሿን ቅንድቧ ድረስ አውርዳ ነው የምታስር። በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀትም ቢሆን። በምኩራብ ክፉ የተናገራት ሰው የለም። አንዲት ሴትዮ አንድ ጊዜ ትኩር ብላ አየቻት፤ ለእናቴ ይሄ በቂ ነበር።

ልጄ ሺራ ልታገባ ሆነ። ሺራ እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ወታደር ሆና፣ አማርኛዋ በዕብራይስጥ የተለወሰ ነው። ለሴት አያቷ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት። ሳቭታ፣ አለቻት አያቴ ለማለት፣ ፎቶ ስንነሳ ፊትሽ ሙሉውን ይታይ፣ በሻሽ ተሸፍኖ አልፈልግም። እናቴ እሺ አለች። በማግስቱ ግን እኔን ለብቻዬ ጠርታ ሐኪም ቤት ውሰደኝ አለችኝ። ለካ ከጎረቤት ሰምታ ኖሯል፤ ንቅሳት በጨረር ይነሳል አሉ። ፎቶ ዕድሜ ልክ ነው፣ አለችኝ። ነገ የሺራ ልጆች ያዩታል፣ የባሏ ወገኖች ያዩታል። አያታችሁ ምን ነበረች ቢሏቸው ምን ይመልሳሉ? እኔ ልጅቷን አላሳፍርም።

ቀጠሮ ያዝኩላት።

የቀጠሮው ቀን በመኪና ይዣት ስሄድ ኒሲም ደወለ። አንድ ደንበኛ ቆሞ ይጮሃል፣ ለአፍታ ብቅ በል አለኝ። እናቴን ቢሮ አስቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ። ስመለስ ሥዕሉ ፊት ቆማለች። ሁሉም ወፍ አንድ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኒሲም ምን አለች አለኝና ተረጎምኩለት። እሱ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይወዳል፤ እጁን እያወናጨፈ ታሪኩን ከላይ እስከታች አወራላት፣ እኔም እየተከተልኩ አስተረጎምኩ። ሰምታ ስትጨርስ፣ ያኔ ላባና ቅርንጫፍ የነበራቸው ጊዜ አሁን ያሳፍራቸዋል ወይ በለው አለችኝ። ኒሲም ሳቀ። ምን ያሳፍራቸዋል፣ ይኮሩበታል እንጂ፤ ባይኮሩበት ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር ወይ አለ። ትክክለኛው የትኛው ነው በለው አለች። ሁሉም ናቸው አላት።

እናቴ እኔን ተከትላ ወደ ሥራው ቦታ ወጣች። ምልክት ማንሳት እንዲህ ነው፤ በሞቃት አየር ሙጫውን ታለሰልሳለህ፣ ከዚያ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ እየገዘገዝክ ታላቅቀዋለህ። አላቀቅኩት። ወፏ መዳፌ ላይ ቀረች። መኪናው ላይ ግን ክንፏ፣ ጭራዋ፣ ሁሉ ነገሯ አለ። እንዲያውም ከሌላው ቀለም በልጦ ይታያል። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። ይሄ አይጠፋም ወይ አለችኝ። ዙሪያውን ሙሉ ካልቀባነው አይጠፋም አልኳት። እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች። እኔንስ ሙሉ ሊቀቡኝ ነው እንዴ? አለች። ቤት መልሰኝ።

ሐኪም ቤት ሳንሄድ ተመለስን።

በሰርጉ ቀን እናቴ ሻሿን ወደ ላይ አስራ፣ ሽበቷ ከፊት ብቅ ብሎ መጣች። ግንባሯ እንዲህ ሰፊ መሆኑን እኔ ልጇ ረስቼው ነበር። ሙሽሮቹ አጠገብ ቆመች፣ ቀና አለች፣ ፎቶ ተነሳች። ሺራ ሳመቻት፤ የሳመቻትም እዚያው ምልክቱ ላይ ነው። ያን ለት በልቤ ለወግ የምትሆን ጥሩ ምክር አዘጋጀሁ፤ «ሰው ከመኪና ይማራል» የምትል። እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

አልበሙ መጣ። ወፍራም፣ የሚያምር፣ ሽፋኑ ነጭ። ሁላችንም ከብበን ገለጥነው። እናቴ ሙሽሮቹ አጠገብ ቆማለች፣ ቀና ብላለች። ግንባሯ ግን እንደ ሕፃን ግንባር ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም። ሺራ ልቅሶዋን ለቀቀችና ስልኳን አንስታ ፎቶ አንሺው ላይ ጮኸች። ሰውየው ግራ ገባው። የሙሽራውን ብጉር ሳጠፋ የሴትዮዋንም አብሬ አጠፋሁላቸው፣ ሁሉም ያስጠፋዋል፣ ሒሳብ እንኳ አልጨመርኩም አለ። ደግ ያደረገ መስሎት ነው። እኔም ተናደድኩ፣ ግን ማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም።

እናቴ አልተናደደችም። አውራ ጣቷን ፎቶው ግንባር ላይ አድርጋ ዳበሰችው። ሲነቅሱኝ ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ የያዘችው እናቴ ናት፣ አለች። እንዳልንቀሳቀስ እዚህ ጋ፣ ከመርፌው ጎን፣ በእጇ ይዛኝ ነበር። እያለቀሰች ነው የያዘችኝ። እናቴ ፎቶ የላትም፤ መልኳም እየጠፋብኝ ነው። እጇ ግን እዚህ ነው ያለ።

ይሄን ነገር ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት በሻሽ ስትሸፍነው እኔ መስቀሉን የምትሸፍን ነበር የሚመስለኝ። የምትሸፍነው እናቷን ኖሯል። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ፎቶ አንሺው ይቅርታ ብሎ ትክክለኛውን አትሞ ላከ። ሺራ የተሳሳተውን ልትቀድ አነሳችው። እናቴ ከእጇ ነጠቀቻት። ለምን ይቀደዳል አለች። ሁለቱንም በፍሬም አድርጉልኝ፤ እንደዚያ ፋብሪካ ጎን ለጎን ስቀሉልኝ። ሰቀልናቸው። ንጹሑ ወደ በሩ በኩል፣ መስቀል ያለበት ከእሱ ቀጥሎ። ቅደም ተከተሉን ያዘዘችው ራሷ ናት።

ባለፈው አቶ ማሩ ለማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉን መጡ፣ በእግራቸው። ሻይ ይዘው ግድግዳው ፊት ቆሙ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። የመኪናቸው ነገር ትዝ አላቸው መሰል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እማማ፣ ይሄኛው ምንድን ነው፣ ምልክቱ የት ሄደ አሏት።

እናቴ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። እሱ ሳልነቀስ የተነሳሁት ነው አለቻቸው።

አቶ ማሩ ተጠግተው ደግመው አዩ። ታዲያ ሽበትዎስ? አሉ።

እኔ ከልጅነቴም ሐሳብ ይበዛብኝ ነበር፣ አለች እናቴ።