በስልክ የሄደ ሽምግልና

ኢንተርኔት መንገድ ያሳጥራል ይሉናል። እግር ያርፋል፣ መኪና ይቆማል፣ ጭሱም ይቀንሳል አሉ። የቡሬን አቧራ ሲቅም ለኖረ እንደኔ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ብስራት ነው። ብቻ እናንተም ሽማግሌ ተብላችሁ ካልተላካችሁ አትፍረዱ።

የእህቴ ልጅ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው፤ «በካይ ጋዝ» ሲል እንጂ «ጭስ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከማንኩሳ ወዲያ ካለች ቀበሌ ልጅ ወደደ። እሷም ወዳዋለች፤ የቀረው የአባቷ የአያ ሞላ እሺታ ነው። ታዲያ ለሦስት ሽማግሌ ሚኒባስ ማስጨሱ ኅሊናውን ከበደው መሰለኝ፣ በቪዲዮ ጠይቁልኝ አለን። የተማረ ሰው ምን ይባላል! ሶፋው ላይ ደልደል ብለን ስልኩ ፊት ተደረደርን።

አያ ሞላ ብቅ አሉና ፊታቸው ተለወጠ። ሽማግሌ ተቀመጡ እስኪባል ቆሞ እንደሚለምን ለካ ሶፋው አስረስቶናል። ብድግ ስንል ስልኩ ወገባችንን ብቻ ያሳይ ጀመር። እንታይ ብለን ጎንበስ ስንል ኔትወርኩ ተቋረጠና እንደጎበጥን ደርቀን ቀረን አሉ።

ሌላም ጉድ ነበር። ቀበሌያቸው ኔትወርክ ስለሌላት፣ ሽማግሌ ይፈልግዎታል ቢባሉ አክብረው፣ ከነዘመዶቻቸው መኪና ተኮናትረው ቪዲዮ የሚስብ ኔትወርክ ፍለጋ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወጥተው ኖሯል። እኛ የቆጠብነውን ጭስ እሳቸው አጨሱልን። «ልጄን ገበያ ይዤ የወጣሁ ነጋዴ ነኝ ወይ?» ብለው ላኩብንና ነገሩ አበቃ ተባለ። የእህቴ ልጅ እህል አልቀምስ አለ። አንጀቴን በላው።

መቼም ይቅርታ በቪዲዮ አይጠየቅም። የነፍስ አባታቸው ተለመኑ፣ የእናት ወገን ተጨመረ፣ የአባት ወገን እኔስ ምን በወጣኝ እቀራለሁ አለ። ለሦስት ሰው የሳሳንለት ጉዞ ሁለት ሚኒባስ ሞላ። አንደኛው ባትሪው የደከመ ነውና ካጠፋሁት አይነሳም ብሎ ሹፌሩ አያ ሞላ ደጃፍ ላይ ሲያስጨሰው ዋለ።

እኛ በራፉ ላይ ቆመናል። አያ ሞላ ጋቢያቸውን ደርበው ያዩናል። እግራችን ሲዝል የነፍስ አባታቸው እንቀመጥ ወይ ብለው ጠየቁ።

«ትንሽ ይቁሙ እንጂ አባቴ» አሉ አያ ሞላ፣ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው። «ኔትወርኩ እስኪመጣ ነው።»

ልጅቷ የእኛ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ። ቡሬ ሆኖ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ለሚጠብቀው ሙሽራ የምሥራቹን እንንገረው ብንል ግን ከየት ይደወላል? አንዱን ሚኒባስ ኔትወርክ ፍለጋ ማንኩሳ ላክነው።