ሽማግሌ ጭና የምትወላገድ መኪና

ዘንድሮ ከፍ ያላለ ነገር ሁሉ የተናቀ ነው። ቤቱ ፎቅ ካልሆነ ቤት አይባልም፤ የሴቱ ጫማ ተረከዙ ካልረዘመ ጫማ አይባልም፤ የምግብ ቤቱ ወንበር እንኳ እግሩ ረዝሞ ረዝሞ፣ እንደኔ ያለችው አሮጊት ልቀመጥ ብትል መሰላል ያሻታል። ምነው፣ መሬት ምን አደረገቻችሁ? እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን መሬት ላይ ኖሬ ክፉዋን አላየሁም። ግድ የለም፣ ፎቁንም ጫማውንም ችዬው ነበር። መኪና ከፍ ሲል ነው የተናደድኩት። አሁንም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። እናንተው ስሙኝና ፍረዱ።

ያሳደግሁት የልጅ ልጅ አለኝ፣ አንዷለም ይባላል። ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና ሽንኩርትና በርበሬ የሚያመላልስባት፣ ከኋላም ሰው የምታስቀምጥ ፒክአፕ አለችው። ደህና መኪና ነበረች። እግሬን አንስቼ እገባባታለሁ፣ እግሬን አውርጄ እወርድባታለሁ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? አንድ ቀን ታዲያ ልጁ ብየዳ ቤት ይዟት ሄዶ፣ ገላዋን በሚሸከመው ባሌስትራዋ ላይ ብረት አስደርቦ፣ የትራክተር የሚያህል ጎማ አስገጥሞ፣ በሥሯ ፍየል የምታሳልፍ አድርጎ አመጣት። ምነው ልጄ ብለው፣ "እምዬ፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ሆዷን እንዳይነካት ነው" አለኝ። ወሩ ኅዳር ነው! ጭቃ የሚባል ነገር ከነስሙ በጠፋበት ወር!

ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪናዋ አበደች። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞረው ቆይታ፣ አስባ፣ ተማክራ ነው የምትታጠፈው። ቀጥ በይ ሲላት ደግሞ ዘመድ የምትጠይቅ ይመስል ወደ ግራ ትሄዳለች። ትንሽ ጉድጓድ ካገኘችማ መሪው ከእጁ ካልወጣሁ ብሎ ይታገላል። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ዓይን በልቷት ነው አለ። አንዷ ጠበል ይረጫት አለች፤ ተረጨች፣ ንጹሕ ሆና ተወላገደች። አንዷለም ደግሞ የራሱን መድኃኒት አገኘና፣ "እምዬ፣ እርስዎ ፊት ይቀመጡ፣ ይመችዎታል" ይለኝ ጀመር። አክብሮኝ መስሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። በኋላ ስሰማ ለካ ፊቷ ሲከብድ መሪው ትንሽ ይረጋል! የወለድኩት የወለደው ልጅ እንደ አሸዋ ጆንያ ጫነኝ! ይህ ይረሳል?

እሱም ይለፍ። ያላለፈው የሽማግሌው ነገር ነው። አንዷለም ሞጣ ላይ ትርንጎ የምትባል ልጅ ወዷል። አባቷ አቶ ካሴ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ከመንገዱ አፋፍ ላይ ነው። እንግዲህ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ይላክ ተባለና፣ የባለቤቴ ወንድም አያ ቢተው፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ፣ አንድ ጎረቤታችንም ተጨምረው ተመረጡ። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፤ አውቃለሁ። እኔ ግን "ሞጣ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ነው" ብዬ ገባሁ። ያሳደግሁት እኔ፣ እሺም ሆነ እምቢ ሲባል በሰው አፍ ልስማ?

አገባባቸውን ብታዩ! የኔታ ቅኔ ሲዘርፉ ጉባኤውን ጸጥ የሚያሰኙ ሰው ናቸው። በዚያች መኪና በር ሥር ግን በርጩማ ቀርቦላቸው፣ አያ ቢተው ከኋላ እየገፏቸው፣ ጋቢያቸው ውጭ ቀርቶ ነው የገቡት። መንገዱንስ በምን አፌ ልንገራችሁ? እስከ ደብረ ወርቅ የኔታ ዳዊት ደገሙ። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ዳዊቱም ቀረና "እግዚኦ" ብቻ ሆነ። አያ ቢተው ደግሞ፣ "አንተ ልጅ፣ መንገዱን በሙሉ ገዝተኸዋል እንዴ? ለሌላው ሰው ግማሹን ተውለት እንጂ!" ይሉታል። አንዷለም በላብ ተጠምቆ፣ "አያ፣ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት" ይላል።

አቶ ካሴ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰምተው ከዘመዶቻቸው ጋር ከበራቸው ውጭ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መንገዱ እዚያ ጋ ቀጥ ያለ ነው፤ እኛ ግን ቀጥ አላልንም። አንድ አህያ ነጂ ዘሎ ቦይ ውስጥ ገባ። አህዮቹም ተከተሉት። አቶ ካሴ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ የኔታ እግራቸውን ዘርግተው መሬትን ቢፈልጓት አጥተዋት፣ በሰው ትከሻ ነው የወረዱት። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ደንቡ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ። እውነቱን ልናገርና የኔታ ቢቀመጡ በወደዱ። ገና "ልጅዎን ለልጃችን" ከማለታቸው አቶ ካሴ፣ "ልጄን ለሰካራም አልሰጥም" አሉ።

ሰካራም! የኔ አንዷለም! ጠላ ሲቀርብለት ውኃ ስጡኝ የሚል ልጅ! ደሜ ፈላ። የእህቴን ልጅ ልጠይቅ እንደመጣሁ ረስቼ፣ "አቶ ካሴ፣ ልጄ አልጠጣም! የምትወላገደው መኪናዋ ናት!" አልሁ። "እሜቴ፣ ታዲያ ጠጪዋ መኪናዋ ናት?" አሉኝ። ዘመዶቻቸው ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ወንድሜን የበላብኝ መኪና ነው። የዚያም ነጂ አልጠጣሁም ብሎ ነበር። እንዲህ በምትሄድ መኪና ልጄን አሳፍሬ ደህና ግቢ አልልም" አሉ።

ተናድጄ ሳለሁ ሰው እውነት ሲነግረኝ ደግሞ የባሰ ነው የምናደደው። ያዳኑን የኔታ ናቸው፤ "ጥፋቱ የመኪናዋ ከሆነ አሠርተን እናምጣትና በዓይንዎ አይተው ይፍረዱ" አሉ። አቶ ካሴ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩና፣ "ዛሬውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። እኔው ራሴ እገባባታለሁ። ከተወላገደች ግን ዳግመኛ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ" ብለው ቆረጡት።

ሞጣ ላይ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አሉ። መኪናዋን ሲያዩ "ያ አላህ!" አሉና ሥሯ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ አንዷለምን ትተው እኔን አናገሩኝ። "እናቴ፣ ይህ ልጅ ገላዋን ሰቅሎ፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ በድሮው ቦታ ተወው። እርስዎ ድንጋይ ላይ ቆመው በአጭር ምርኩዝ ይሂዱ ቢባሉ አይወላገዱም?" አሉኝ። እንዴታ! እወላገዳለሁ እንጂ! "ዘንጉ ተንጋዷል፤ ጎማው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መሪውን ይጎትተዋል። ጎማዎቹም ቢሆኑ አንዱ ቢቸናን ያያል፣ አንዱ ባሕር ዳርን" አሉ። እንግዲህ ያ በያጅ ብረት መደረብ ሲያውቅ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሯን ማየት ምን ከለከለው? ወገቡ የኔን ያህል አርጅቷል?

ከተደረበው ብረት ግማሹን አወጡ። "ሁሉንም ያውጡት!" ብዬ ብጮህ፣ "ቀስ፣ እናቴ፣ የልጁም ልብ ይጠበቅ" አሉኝ። የዘንጉን መያዣ ዝቅ አድርገው አሠሩ፤ የላላውን መገጣጠሚያ ቀየሩ። በመጨረሻ ሲባጎ አምጥተው ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጠሩና ጎማዎቹን ማቅናት ያዙ። የሲባጎውን ጫፍ ማን ያዘ? እኔ ነኛ! ጥጥ ስፈትል ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ክር ሲዛባ ከማንም በፊት ይታየኛል። "ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ጋሽ ሰይድ!" ስላቸው፣ "እውነትዎን ነው" እያሉ ያጠብቃሉ። አያ ቢተው ግን በየደቂቃው "ፀሐይዋ ወረደች፣ ፀሐይዋ ወረደች" አሉ። "ታዲያ ልያዛት?" አልኋቸው።

ጋሽ ሰይድንም ይዘን ሳትጠልቅ ከአቶ ካሴ ደጃፍ ደረስን፤ ሽማግሌዎቹ ወረዱ። አቶ ካሴ ፊት ገቡ። ውረጂ የሚለኝ ካለ ይሞክረኝ ብዬ እኔም ከኋላ፣ ከጋሽ ሰይድ ጎን ተቀመጥሁ። አንዷለም ነዳ። ጉድጓዱን ረገጠች፤ መሪው ዝም አለ። ወደ ቀኝ አላት፤ ሳትማከር ታጠፈች። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ "ልቀቀው" አሉት። አንዷለም ሁለት እጁን ከመሪው አነሣ። አቶ ካሴ የበሩን እጀታ ጨብጠው "ያዝ! አንተ፣ ያዝ!" አሉ። መኪናዋ ግን ዝንፍ ሳትል፣ ቀጥ ብላ ሄደች። አቶ ካሴ እጀታውን ለቀቁና፣ "ልጁ አልጠጣም ነበር" አሉ። ለእኔ እንኳ አላሉም፤ ለራሳቸው ነው ያሉት። ይቅርታውን ለእኔ ማለት ምን ነበረበት?

ደጃፋቸው ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ትርንጎም በሩ ላይ ወጥታለች። አቶ ካሴ ገና ሳይወርዱ አንዷለምን፣ "ደህና መኪና አበላሽተህ የሰቀልካት ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁት። የክረምቱን ጭቃ ሊነግራቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ልጁ አቀረቀረ። ጆሮው ቀላ። "ተናገር እንጂ!" አልሁት። የመለሰችው ትርንጎ ናት። "አባባ፣ እኔ ነኝ ስቀላት ያልኩት። ሲያልፍ አይታየኝም ነበር" አለች።

ምን ጋርዷት ነው ብዬ ዞር ብል፣ የአቶ ካሴን አጥር አየሁት። ቆርቆሮ ነው። ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ሌላ ቆርቆሮ ተደርቦበታል። ለካ በፊት ልጁ ሲያልፍ ጡሩምባው ብቻ ነበር የሚሰማት፤ መኪናዋ ከተሰቀለች ወዲህ ግን፣ እሷ ድንጋይ ላይ ስትቆም ፊቱ ከነፈገግታው ይታያታል። ዛሬ ደግሞ እኛ፣ ሽማግሌም መካኒክም ሆነን ተረባርበን፣ ዝቅ አድርገንባት መጣን። ቀኑን ሙሉ የሰደብኩትን ብረት ባሰብኩት ጊዜ ማንን ልቆጣ እንደሚገባኝ ጠፋኝ።

የኔታን ሳል ያዛቸው። አቶ ካሴ ልጃቸውን አዩ፣ አንዷለምን አዩ፣ አጥሩንም ከታች እስከ ላይ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ወንበር ዞሩና፣ "አንተ ሰይድ፣ አጥርስ ዝቅ ማድረግ ታውቅበታለህ?" አሉ።