የዘበኛው አጥንት

በየከተማው አንዲት ምንም የማትጥል ሴት አለች። የሌለችበት ከተማ ካለ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። እጀታው የወለቀ ጃንጥላ፣ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ ጣቢያ መያዝ የተወ ራዲዮ፣ ሁሉም ጡረታ የሚወጣው እሷ ዘንድ ነው። "ይቀመጥ" ትላለች። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው "ለምን ይጣል?" የሚል መልስ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ተምሬያለሁ፤ ለዚህች ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ የለኝም።

የመቱዋ የማትጥል ሴት ጎረቤቴ ክብርት እትዬ ሻሚ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የቡና መጋዘኑን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። እዚያ መጋዘን ውስጥ፣ ከሚዛኑ ጀርባ፣ አንድ ቡናማ እባብ ይኖር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላ ያነሳል፤ እሳቸው ውሃ በጣሳ አስቀመጡለት። መርዝ የለው፣ ክፋት የለው፣ አይጥ እየበላ ጆንያ ያስከብር ነበር። ስሙንም "ዘበኛው" አሉት። ክረምት ሲገባ የባላቸውን አሮጌ ሹራብ አነጠፉለት። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ "እንዴት አደርክ?" ይሉታል። እኔን እንኳ አንዳንዴ ይረሱኛል።

አንድ ጠዋት ዘበኛው ሹራቡ ላይ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜ ነው።

"እንቅበረው" አልኳቸው።

"ይቀመጥ።"

"እትዬ፣ ይሸታል እኮ።"

"የሚሸተው ሥጋው ነው። አጥንቱ ምን አደረገ?"

እንዲህ ተጀመረ። አጥንቱ ቅደም ተከተሉን እንዳይስት ብለው ሬሳውን ቀጥ አድርገው በሁለት ወንፊት ሽቦ መሃል ሰፉትና ጓሮ፣ ጉንዳን የሚርመሰመስበት አፈር ላይ አኖሩት። ጉንዳኑ ድርሻውን ሲጨርስ በኦሞ አጥበው ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ አሰጡት። የመቱ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ሲወርድ ላስቲክ ይዘን የምንሮጠው ለዘበኛው ነበር፤ ቡናው የራሱ ጉዳይ። አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤት ዶሮ የጅራቱን ጫፍ በመንቆሯ ይዛ በአጥር ሾለከች። ስለ ሕልውና ትርጉም የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀረብኩት ሰውዬ ከዘራዬን ጥዬ ዶሮ አባረርኩ። አስጣልኳትም።

ከተማው ዝም አላለም። ገበያ ላይ "ሻሚ እባብ ታመልካለች" ተባለ። ወሬው በባጃጅ ተሳፍሮ የምንሄድበት ሁሉ ቀድሞን ይደርስ ጀመር። ነገሩ ከቀልድ የወጣው ይሄኔ ነው፤ ልጃቸው ኑሃ የምትወደው ልጅ ከያዮ ከተማ የላካቸው ሽማግሌዎች እሑድ ሊመጡ ነበርና።

"እማ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ እስኪሄዱ እንኳ ጓዳ አስገቢው" አለች ኑሃ። ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል። "የጠንቋይ ቤት ነው ብለው ቢመለሱ እኔ ምን ይውጠኛል?"

እትዬ ሻሚ አጥንቱን በሽቦ ሰክተው ሳንቃ ላይ እየለጠፉ ነበር። "ምን ሰረቀና ይደበቃል?" አሉ።

"ጋሼ ዋቁማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት" አለችኝ ኑሃ ወደ እኔ ዞራ።

ነገርኳቸው። ስለ ማኅበረሰብ ፍርድ፣ እውነትን በጊዜዋ ስለ መግለጥ ረጅም ንግግር አደረግሁ። እስክጨርስ በጨዋነት አዳመጡኝና "ያንን ሙጫ ያቀብሉኝ" አሉ። አቀበልኳቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ በሟቹ ባለቤታቸው ቦታ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ዘበኛው ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ነው፤ በክብር ተጠማዝዞ፣ የጎድን አጥንቶቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ አብዱልመሊክ መነጽራቸውን አጠለቁ።

"ቦፋ ነው?" አሉ በኦሮምኛ።

"አዎ፣ እባብ ነው" አልኩ። ኑሃ ከጓዳው በር ጀርባ ሆና ታዳምጣለች። 'የትምህርት መርጃ ነው' የሚል ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ግን ሌላ ተናገረ። "የመጋዘኑ ዘበኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎ ነው የሞተው።"

ሐጂ ወደ እትዬ ሻሚ ዞሩ። "አሁንም ይጠብቃል?"

ጥያቄው ወጥመድ ነው። ይጠብቃል ቢሉ ጥንቆላ፣ አይጠብቅም ቢሉ እብደት።

"ምን ይጠብቃል፣ ሞቷል እኮ" አሉ እትዬ ሻሚ። "አይጡ ትናንት እንኳ ጆንያ ቀዶብኛል።"

"ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?"

"ምንም። እሱ የሚያደርግልኝን አድርጎ ጨርሷል።"

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ልጃችንን ሲያረጅ አውጥቶ የሚጥል ቤት አይደለም" አሉ። መጀመሪያ የሳቀችው ጓዳ ያለችው ኑሃ ናት። ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ አነሱ፤ ጉዳዩም አለቀ።

ኑሃ ተድራ ያዮ ገባች። እኔና እትዬ ሻሚ መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥተን መንገደኛ እንቆጥራለን። ሐጂ ያሉት ነገር ግን ሆዴ ገብቶ አልወጣም። ሰው አርጅቶ የማይጣልበት ቤት ስንት አለ? ሰሞኑን እንደ ቀልድ አድርጌ፣ "እትዬ፣ እኔ ስሞት አደራ፣ እንደ ሰው ይቅበሩኝ" አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ለኩኝ።

"ለእርስዎ የሚበቃ ሳንቃ የለኝም" አሉ። ወደ መጋዘኑ ዞር ብለው አዩና፣ "ግን ይፈለጋል።"