ማኅተም የተመታበት ፊት

ቆዳው የደረቀ ሰው ወዛም ፊት ይመኛል፤ ወዛም ፊት ያለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግንባሩን በመሐረብ ሲጠርግ ይውላል። ፈጣሪ ሲያድል ማንንም አላማከረም። እኔ ከጠራጊዎቹ ወገን ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ሳድግ፣ ብርዱ የሰውን ሁሉ ፊት ሲሰነጣጥቅ የእኔ ብቻ ከዘይት እንደወጣ ፓስቲ ያብረቀርቅ ነበር። ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ የወረድኩ ቀንማ አይወራም።

በሳሙና ብፈትገው ባሰበት። በመጨረሻ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ፣ ከሐርቡ መጥተው ቅመም የሚነግዱት፣ አገጬን ይዘው መረመሩኝና ቅባትን የሚያስታግሰው ቅባት ነው አሉ። ቫዝሊን ይደፍንሻል፣ የጉሎ ዘይት ይከብድሻል፣ ቅቤውን ለፀጉርሽ ተይው ብለው፣ ማታ ማታ ሁለት ጠብታ የጥቁር አዝሙድ ዘይት መረጡልኝ። እናንተ ብትሆኑ ታምኑ ነበር? እኔ ቸግሮኛልና አመንኩ።

በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከኅብረት ሱቁ የምግብ ዘይት ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ዋናው አጀንዳ ዘይት የደበቁትን ማጋለጥ ነበር። የሊቀመንበሩ ዐይን ሕዝቡ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ ግንባሬ ላይ አረፈ። ዘይቱ የት እንደገባ የዚህች ልጅ ፊት ይናገራል አሉ። ወዲያው የእናቴ የራሽን ካርድ ይነጠቅ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ስኳራችንም ሳሙናችንም በዚያች ካርድ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ጎትታ ግንባሬን ሸፈነችው።

እትዬ ዘሃራ ተነሡ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ወላሂ ይኼ የልጅቱ የራሷ ወዝ ነው። እዚሁ ፊታችሁ ትታጠብና ፀሐይ ላይ ትቀመጥ፤ ከዚያ ፍረዱ።"

ታጠብኩ። በሕዝብ ፊት፣ በሳሙና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ግን ቀሪዎቹ አጀንዳዎች እስኪያልቁ እንኳ አልቆየም፣ ግንባሬ ላይ ተመልሶ አበራ። ሰው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ሳይወዱ ሳቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ "የልጅቷ ፊት በተፈጥሮው ዘይታም መሆኑ ተረጋግጧል" ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተምም ተመታበት። መልኩ በማኅተም የጸደቀለት ሰው ታውቃላችሁ?

የእትዬ ዘሃራ ቅባት ለካ ይሠራል። በሦስተኛው ወር ፊቴ ሰከነ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁትን ፊት ደስ ብሎኝ ሳይ እናቴ ገባች። ትክ ብላ አየችኝ።

"ቅባቱን ተይው ልጄ" አለችኝ ቀስ ብላ። "የደበቁት ዘይት አለቀ ይሉናል።"

ተውኩት። ያ መንግሥት እስኪወድቅ ድረስ በንጹሕ ሕሊና አብረቀረቅሁ።