ሊቀ ዓሣ ስለሺ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬውን ጎትቶ ወደ ሥራው የሚወስድ አንድ ሰው አይጠፋም። ታክሲ ነጂው ስለ መንገዱ ያወራል፣ ነርሷ ስለ በሽተኞቿ ታወራለች። የቻምበርስ ሮድ ሰፈሩ ጋሽ ስለሺ ወሬውን የሚወስዱት ወደ ዓሣ ነበር። ልጃቸው ዘንድ ሌላ ስቴት ከሄዱ ወዲህ የከባድ መኪና ነጂው ሀብቱ ማኅበር ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ይጎድልበታል።

ክቡርነታቸው አውሮራ ከተማ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ትንንሽ ዓሦች ይመግቡ፣ ገንዳ ያጥቡ ነበር። ተመራማሪዎቹ አንድ ቀን የዓሦቹን ውስጥ በማይክሮስኮፕ ካሳዩዋቸው በኋላ ለሰፈሩ ሰላም አልነበረም። ክርስትና ላይ ሕፃኑ ሲራገጥ፣ «ዓሣ ላይ እኮ ገና እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ነው የሚጀምረው» ይላሉ፤ እናትየው ልጇ የዘገየ ይመስል ትደነግጣለች። ለቅሶ ቤት እንኳ «ዓሣ ላይ እኮ» ብለው ሲጀምሩ ጎረቤታቸው እትዬ አበዛሽ በክርናቸው ጎሸም አድርገው አስቁመዋቸዋል። ሊቀ ዓሣ የሚለውን ማዕረግ የሰጧቸውም እትዬ አበዛሽ ናቸው።

ሀብቱ በሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ግን መሸሽ አልቻለም። ኮሜርስ ሲቲ የሚባል ቦታ፣ መጋዘን ውስጥ ጭነት ከጉልበቱ በታች ወድቆበት ነርቩ ተጎዳ፤ ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ፣ «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አለው። ሀብቱ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ ከባድ መኪና መንዳት ብቻ ነው።

ጋሽ ስለሺ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው እያሹ ያወራሉ።

«ዓሣ ላይ እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከስፓይኑ፣ ከአከርካሪው፣ ቀጭን የነርቭ ክር ይወጣና የራሱን ማስል፣ ጡንቻውን፣ ፈልጎ ያገኛል። ቢቆረጥም መልሶ ያድጋል።»

«በስንት ጊዜ፣ ጋሽዬ?»

«ዓሣ ላይ በሁለት ቀን።»

«እኔ ላይስ?»

ጋሽ ስለሺ ከጉልበቱ እስከ ጣቱ አዩት። «አንተ ረዥም ነህ» አሉ።

ሀብቱ ወሬው ሰልችቶት ነበር። ቢሆንም ሲዘገዩ በር በሩን ማየት ጀመረ።

በረዶው ቀልጦ ባበቃበት ሰሞን፣ ጋሽ ስለሺ እንደ ልማዳቸው እያወሩ ሳለ፣ የሀብቱ የቀኝ እግር አውራ ጣት ቀና አለ። ሁለቱም አዩት። ሀብቱ ደግሞ ሞከረው፤ ጣቱ ታዘዘ። ጋሽ ስለሺ ግን ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቶ ስለማያውቅ ሀብቱ ፈራ።

«ጋሽዬ፣ ዓሣ ላይም እንዲህ ነው?»

ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«ዓሣ ጣት የለውም» አሉ።